ስለ እንስሳት ጠባይ ንጽጽር፦ የቆቦ አንበጣ እንደ ምስክር

የልዩ ልዩ እንስሳትን ጠባይ እያነጻጸረ የሚመረምረው ትምህርት ብዙ ፍሬ ሰጥቷል፤ ነገር ግን በአንዱ ወገን ላይ የተገኘውን ይዞ በሌላው ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል። ለዚህ ነቀፌታ ምስክር የሚሆነን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በራያ ቆቦ ሜዳ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ ያጠፋው የበረሃ አንበጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የጥናቱ መሠረት የቦሪስ ኡቫሮቭ ሥራ ነው። ኡቫሮቭ በ1921 ሁለት ልዩ ወገኖች ይባሉ የነበሩት አንበጦች አንድ ወገን መሆናቸውን፣ ይኸውም ፈላሲ አንበጣ የሚባለው ለብቻው ሲኖርና በመንጋ ሲሆን መልኩም ጠባዩም እንደሚለወጥ አስረዳ። ምስጋና ይገባዋል።

በ2009 ደግሞ የበረሃው አንበጣ ተመረመረ። ለብቻው የኖረው ከብጤዎቹ ጋር ሲጨናነቅና የኋላ እግሩ ጭን ሲነካካ፣ በነርቩ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እየበዛ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ ሴሮቶኒን አንበጣን ሁሉ ያስተባብራል ማለት የሚያስደፍር ይመስላል። ዳሩ ግን በ2013 በፈላሲው አንበጣ ላይ የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ በእርሱ ሴሮቶኒን ብቸኝነትን ያጸናል። በ2020 መንጋን የሚስብ ጠረን መገኘቱ በታወጀ ጊዜም፣ የተመረመረው ፈላሲው እንጂ ወደ ቆቦ የመጣው አልነበረም። እንግዲህ የአንዱን ጠረን ለሌላው ወጥመድ አድርጎ ተስፋ መስጠት ያለ ፈተና የማይገባ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ምንድን ነው? ኒኮ ቲንበርገን በ1963 የጠባይን መነሻ ምክንያት፣ ዕድገት፣ ጥቅምና የዘር ታሪክ አራት ልዩ ጥያቄዎች አድርጎ ለይቷቸዋል። ሁለቱ አንበጦች በመንጋ መጓዛቸው ቢያመሳስላቸው፣ የመነሻው ምክንያት አንድ ነው ማለት አይደለም።

ገበሬውም ያነጻጽራል። ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ በጩኸትና በጅራፍ ይጠብቃል፤ አንበጣ በመጣ ጊዜም ያንኑ መሣሪያ አነሣ፤ መንጋው ግን ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በጎረቤት ማሳ ላይ ዐረፈ። እርሱ ሌላ መሣሪያ ስላልነበረው አይወቀስም። ሊቁ ግን ወገኑን ሳይለይ «አንበጣ» ብሎ ቢጽፍ ምክንያት የለውም። ስለዚህ የእኛ ተማሪዎች ከሩቅ የመጣውን ውጤት ከመቀበላቸው በፊት፣ በየትኛው ወገን ላይ እንደ ተገኘ ይጠይቁ፤ ቀጥሎም በቆላው ሜዳ በሚያገኙት ላይ ራሳቸው ይፈትኑት።