እጅ የበዛበት አሳ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። የሱዳኑ ጦርነት በትኖት ከርሞ ወደ ካርቱም ተመልሷል። ከከተማው በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይ ዳር፣ ከጓደኞቹ ጋር የስሚንቶ ገንዳ ተከራይተው ቡልጢ ሊያረቡ ነው፤ እኛ ጣና ላይ ቆሮሶ የምንለውን አሳ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ከመኖው ጋር የምደባልቀው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ወይስ መሞት ሲጀምሩ?» አለኝ። ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ጉዳይ ለእሱ ያለቀ ነገር ነው፤ የቸገረው ቀኑ ብቻ ነው።

ይህን ትምህርት ከየት እንደቀሰመው አውቃለሁ። ካርቱም ስኖር ከሰው ፋርማሲ የተገዛ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል እየተፈታ መኖ ላይ ሲነሰንሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብሮኝ የሠራ አንድ ሱዳናዊ ባለሙያ በዚህ ነገር ሳንስማማ ነው የተለያየነው። ሥራውን የሚወድ ጎበዝ ሰው ነው፤ በዚህ ላይ ግን ተሳስቷል እላለሁ። የታመመ አሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው መብላት ነው። እንግዲህ ያን መኖ የሚበላው ገና ያልታመመው ነው። የተረፈው ወለል ላይ ይዘቅጥና እዚያ ያሉትን ባክቴሪያዎች ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳቸዋል። ገዳዩ ቫይረስ ከሆነማ ጭራሽ አይነካውም።

የእኔ ክርክር ሁልጊዜ የሚነሳው ከልጋጉ ነው። አሳን ሲይዙት ከእጅ የሚያንሸራትተው ያ ዝልግልግ ነገር የመጀመሪያው ግንቡ ነው። ባክቴሪያ የሚያፈርስ ላይሶዛይም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሳ ላይ ተለይቶ የታወቀው አይ ጂ ቲ የተባለው አንቲቦዲም ዋና ሥራው በአንጀት፣ በስንጥብና በቆዳ ላይ ባለው በዚሁ ልጋግ ውስጥ ነው። አንድ ደረቅ እጅ ይህን ሁሉ ይጠርገዋል። ቋጠሮ ያለው መረብ ደግሞ ቅርፊቱንም ይልጠዋል። በሙቅ ውሃ ኮሉምናሪስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ጀርባው ላይ ግራጫ ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አሳው ከተነካካ በኋላ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር፣ የካርቱም ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ሻጋታው የሚይዘውም የተላጠውን ቦታ ነው። እናቴ የጠላ ጋን ጥንስስ ላይ ሳለ እጅ አታስነካም ነበር፤ ኩሬዬንም የያዝኩት እንደዚያ ነው።

ጉዳቱ ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥም ይገባል። አሳ የአጥንት መቅኔ ስለሌለው ደሙንና የመከላከያ ሴሎቹን በብዛት የሚሠራለት የኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። ሲሳደድና ሲጨናነቅ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚያመነጨውም እዚያው ነው። ኮርቲሶሉ ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየ ያ መከላከያ ይዳከማል። ስለዚህ «ክብደታቸውን ልይ» እየተባለ በየሳምንቱ መረብ የሚጎተትበት ኩሬ ባለቤቱ ሳያውቅ በሽታ እየጠራ ነው። እኔ የአሳን ዕድገት ከመኖ አበላሉ አነባለሁ። ቁጥር የሚፈልግ ሰው ይህ አይበቃውም፤ እኔን በቅቶኛል።

ስለ ሰዓቱም ሁልጊዜ እጨቃጨቃለሁ። ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ መረብ መጣል ይወዳል፤ ውሃው ቀዝቅዞለታል፣ ፀሐይም አያቃጥለውም። በአረንጓዴ ኩሬ ግን ኦክሲጅን ከቀኑ ሁሉ የሚያንሰው ልክ ያን ጊዜ ነው፤ አልጌው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ አድሮ ጨርሶታል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ውሃ ሞልቶ እንኳ የሚይዘው ኦክሲጅን በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ንጋት ላይ የሚቀረው ከዚያ ስንት ይሆን? ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ያህል ትቆይ፤ ሥራው ደግሞ ከቀትር በፊት ይለቅ። ማጓጓዝ ግድ ከሆነ አሳው አንድ ቀን ይጹም፣ በውሃውም ላይ በሊትር 5 ግራም ያህል ጨው ይጨመር። የአሳ ደም ከወንዝ ውሃ እጅግ ጨዋማ ነው፤ በተላጠው ቦታ ውሃ እየገባበት ጨውም እየወጣበት ነው የሚደክመው። ያቺ ርካሽ ጨው ያንን ልዩነት ትቀንስለታለች።

ያ ሱዳናዊ ባልደረባዬ ሲሞግተኝ ቫይረስን ያነሳብኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል የተለየው የቲላፒያ፣ ማለትም የቆሮሶ፣ ቫይረስ አፍሪካም ደርሷል፤ በጋና ቮልታ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2018 የቆሮሶ የመረብ ቀፎዎችን ያራቆተው ደግሞ ሌላ ቫይረስ ነው። እውነት ነው፣ ንክኪ በመቀነስ ብቻ ቫይረስ አይቆምም። ነገር ግን ታይላንድ ውስጥ አርቢዎቹ የመጀመሪያውን ቫይረስ ያወቁት ጫጩቶቹ ከመፈልፈያ ወጥተው ወንዝ ላይ ወዳለው ቀፎ በተዛወሩ በአንድ ወር ውስጥ ሲያልቁባቸው ነው። ያ ወር የመያዝ፣ የመጫንና የመገልበጥ ወር ነው። ክትባትንም አልጠላም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአሳዎቿ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትሰጥ ነበር፤ ዛሬ እርባታው እጥፍ ድርብ አድጎ ከ1 ቶን በታች ነው፤ ለዚህ ያበቃት በዋናነት ክትባት ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ በእጃችን ያለውን እናድርግ።

የዱር አሳም ከዚህ ውጭ አይደለም። ባሕር ዳር ሳለሁ ባርበስ የሚባለውን የጣናን ትንሽ አሳ ሆድ ስከፍት ሊጉላ የሚባለው ነጭ ትል ሆዱን ሞልቶት አገኝ ነበር፤ አሳው ግን እየዋኘ ነው የተያዘው። መራባት ቢያቅተውም ይኖራል። የዱር አሳ በሽታ አጥቶ አያውቅም፤ ያለው ቦታና ጊዜ ነው፣ ውሃው እስካልተቆጣ ድረስ። ሲቆጣ ግን አያመልጥም፤ የእኛን የተከዜንና የጓንግን ጎርፍ የሚቀበለው የሱዳኑ የኸሽም አልጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አለ። ደለሉን ለማጠብ በሮቹ በክረምት ሲከፈቱ ከታች ያለው አሳ ስንጥቡ በጭቃ ታፍኖ በጅምላ ይንሳፈፋል፣ ሰውም እየወረደ ይለቅመዋል። የደጋው አፈር ተጠርጎ ሄዶ አሳ ሲያፍን ማሰብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዴም ስገባ ማንም የማያውቀኝ ስደተኛ ነበርኩ። ያገሬ ሰው ቡና ያፈላል፣ እንጀራ ይሸጣል፣ ሰው ቤት ይሠራል፤ እኔ ያለኝ ይህ ብቻ ነበር። ዓቢይ ጾም ሲገባ አሳ የሚበሉት የሰፈሩ እናቶች ኦምዱርማን፣ ሞረዳ ገበያ፣ አብሬያቸው እንድሄድ ይጠሩኝ ጀመር። ስንጥቡን ገልጠው ደም የመሰለ መሆኑን፣ ልጋጉ ጥርት ማለቱንና አለመግማቱን እንዲያዩ አሳየኋቸው። ሻጮቹ ሴቶቹን ማታለል ሲያቅታቸው «ያ ኡስታዝ»፣ መምህር ሆይ፣ ይሉኝ ነበር። በዚያ ከተማ መጀመሪያ ስም ያወጣልኝ ይህ ሥራ ነው። ጦርነቱ የፈነዳው በቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የጾሙ የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ፓምፑ ቆመ፣ ትልልቆቹ እናት አሳዎች ኩሬው ውስጥ ቀሩ፣ እኔም በመተማ በኩል አገሬ ገባሁ። ስለ እነዚያ እናት አሳዎች ሳላስብ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ለልጁ የነገርኩት እንዲህ ነው። መብራት አስተማማኝ ካልሆነ አየር መንፊያውን አትመን፤ ከጓደኞችህ ግምት በግማሽ ያነሰ ጫጩት ጣል። መረቡ ቋጠሮ የሌለው ይሁን፣ እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩ፣ ሙት ያገኘህ ዕለት መኖውን አቁምና ውሃውን ቀይር። ካፕሱል የሚባል ነገር መኖው አጠገብ አይድረስ። ጓደኞቹ እንደማያምኑት ነገረኝ። ስልካቸውን ተቀብያለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው ራሴ እደውላለሁ።