ፎቶን ከታሪኩ የማይነጥል ሶፍትዌር

ዲጂካም ይባላል። ዊንዶውስን ትቼ ወደ ሊኑክስ ስሻገር የፎቶ ማያ ሶፍትዌር ፍለጋ ጀመርኩ፤ ዲጂካምን ካገኘሁ ወዲህ ግን ካሜራ ለያዘ ሰው ሁሉ ሳልነግር ማለፍ አልሆንልህ ብሎኛል። ፎቶ ያሳያል፣ ያደራጃል፣ ያነጻጽራል፣ የጠፋውን ፈልጎ ያወጣል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ስለ ፎቶው የጻፍኩትን ቃል እዚያው ፎቶው ፋይል ውስጥ ያኖርልኛል። ኮምፒውተሩ ቢቀየር፣ ሶፍትዌሩ ቢቀየር፣ ፎቶው በፍላሽ ተገልብጦ ባሕር ቢሻገር ቃሉ አብሮት ይሄዳል!

የዚህን ዋጋ በሰሜን ሸዋ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ደጋ በካሜራ የሚያነሳ ሰው ያውቀዋል። የመንዙን ጓሳ ብቻ እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እየወጣ የሚሄድ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የሣር ምድር ነው። ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ይነጫል፣ ቀይ ቀበሮው ለአይጥ ያደባል፣ ጅብራው ጉሙ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ጠዋት እዚያ የዋለ ካሜራ ሜሞሪ ካርዱን ይሞላል። ማታ መሐል ሜዳ ከተማ ገብተው ላፕቶፕ ላይ ሲከፍቱት ግን ሁሉም ፎቶ ሣርና ሰማይ ነው! የትኛው ቦታ? የትኛው ወቅት? ሣሩ ተከልክሎ ሲጠበቅ ነው ወይስ አጨዳ ተፈቅዶ? አባቶች ቀሮ በተባለ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሣሩም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ሲታጨድ ኖሯል። ይህን ሁሉ ፎቶው ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ለዚህ ነው ምርጫዬን በብዙ ጥንቃቄ ያካሄድኩት። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የሚወደው፣ ኢርፋን ሽኪልያን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያዘጋጀው ኢርፋንቪው ለሊኑክስ የተሠራ ቅጂ የለውም። ኡቡንቱ ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጋር የሚመጣው ማያ ለአንድ ፎቶ በቂ ነው፤ ለሺህ ፎቶ ግን አልተሠራም። ጂኪ የተባለው ማያ እጅግ ፈጣን ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕ ላላቸው ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። ኤክስኤንቪው ኤምፒ የተባለው ደግሞ በሊኑክስም በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፣ የማይከፍተው የፎቶ ዓይነትም የለም ለማለት ይቻላል። ዲጂካምን ስከፍት ግን ፍለጋው አበቃ።

መለያዎቹን እዩልኝ! በግራ በኩል እንደ ዛፍ የሚዘረጋ ዝርዝር አለ። ከላይ «ሰሜን ሸዋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሥሩ «መንዝ»፣ ሥሩ «ጓሳ»፣ ከ«መንዝ» ጎን «ግሼ»፣ «መርሐቤቴ»። በሌላ ቅርንጫፍ «በልግ»፣ «መኸር»፣ «ክረምት»። በሌላው «ጭላዳ»፣ «ቀይ ቀበሮ»፣ «ባና»፣ «የድንጋይ ቤት»። ሁሉም በአማርኛ፣ በራሳችን ፊደል! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ዲጂካም መረጃውን የሚጽፍበት ኤክስኤምፒ የተባለው ስልትም ዩኒኮድን ስለሚጠቀም ፊደሉ ወደ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት አይለወጥም። «ጓሳ»ንና «በልግ»ን አንድ ላይ ስፈልግ የበልግ ጓሳ ብቻ ተሰልፎ ይመጣል። ይህን ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ!

ከዚያ ደግሞ ማነጻጸሪያው አለ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይከፍታል፤ አንዱን ሳቀርብ ሌላውም አብሮ ይቀርባል፣ አንዱን ስገፋ ሌላውም ይገፋል። የወንድ ጭላዳ ደረት ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ፣ የፊቱን ጠባሳ፣ የጎፈሩን ቅርጽ በሁለት ፎቶ ላይ እያስተያዩ «ያው ራሱ ነው!» ማለት እንዴት ያለ ደስታ ነው። ጓሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የፒተር ፋሺንግና የንጋ ንጉየን ቡድን ጭላዳን ሲያጠና ቆይቷል፤ እንስሳን በመልኩ ለይቶ ማወቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የገባኝ ይህን መስኮት ስከፍት ነው።

የካሜራ ሰዓት ተዛብቶ ቢሆን የመቶ ፎቶ ሰዓት በአንድ ጊዜ ያቃናል። ተመሳሳይ ፎቶዎችን ለቅሞ ያሳያል። ጭራሽ በመዳፊት ወርቃማ ሣርና ሰማያዊ ሰማይ ሞነጫጭረው «ይህን የሚመስል አምጣልኝ» ቢሉት ፈልጎ ያመጣል! ፎቶውን ለማደራጀትና ለመፈለግ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ እንደ ጉሙ ሲመጣና ሲሄድ ለሚውልበት ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቃልና ምስል አለመለያየታቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረ ሥራ ከየገዳሙና ከየደብሩ የተሰበሰቡ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጠው የእነዚያን ፊልሞች ይዘት ለብዙ ዓመታት እየመረመሩ መዝግበዋል። ዛሬ ፊልሙ ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጧል፤ ማንበቢያው መሣሪያም ተቀይሯል። መዝገቡ ግን ዛሬም መንገድ ይመራል። ያለ እሱ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች መሐል የሚፈልጉትን ማግኘት ጭንቅ በሆነ ነበር። ዲጂካም ያንን የመመዝገብ ሥራ እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ አድርሶታል!

ዋጋውስ? ምንም! ሬንቺ ራጁ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች እስከ ዛሬ የሚያሳድጉት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። ስለዚህ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ብገዛ እንደገና ስደት የለብኝም፤ ፎቶዬም ቃሌም አብረውኝ ይሻገራሉ።

እንግዲህ ፎቶ የምታነሱ ሁሉ፣ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የከፈታችሁ፣ ዓለም ከተማ ሠርግ የምትቀርጹ፣ ራቤል ያላችሁ መምህራን፣ ውጭ አገር ሆናችሁ የእናት አባት ፎቶ በሃርድ ዲስክ ያከማቻችሁ፦ ዲጂካምን ጫኑት። መጀመሪያ ሲከፈት መረጃውን ፋይሎቹ ላይ ይጻፍ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ «አዎ» በሉት፣ የሁሉ ነገር ቁልፍ እሷ ናት። ለጥሬ የካሜራ ፋይሎች መረጃውን አጠገባቸው በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስትገለብጡ እሱንም አብራችሁ ውሰዱ። ከዚያ የሰውየውን ስም፣ የቀዬውን ስም፣ ዓመቱን በአማርኛ ጻፉ። የሚያውቁት አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዛሬውኑ ጀምሩ!