ከከሸፈ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቱቦ ወይስ ትራቤኩሌክቶሚ?
ቀደም ሲል ዓይናቸው በቀዶ ሕክምና የታከመ 212 ሕሙማንን በዕጣ መድቦ፣ ባርቬልት ቱቦን በማይቶማይሲን ከታገዘ ትራቤኩሌክቶሚ ጋር ያነጻጸረው ጥናት የ5 ዓመት ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ያለመሳካት ዕድሉ በቱቦው 29.8፣ በትራቤኩሌክቶሚው 46.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም የመጨረሻው የዓይን ግፊት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነው። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና እንደ መክሸፍ ሲቆጠር፣ ውሳኔው የመጀመሪያውን ምደባ በሚያውቀው ሐኪም እጅ ነበር። ከተሳታፊዎቹም ከፊሎቹ ቀድሞ የተደረገላቸው የሞራ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በተጨማሪም በጠብታ የተገታ ግፊት እንደ ስኬት ተቆጥሯል፤ ጠብታ በየወሩ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሕመምተኛ ግን ይህ ስኬት አይባልም። ስለዚህ ቱቦን ከመምረጣችን በፊት የቀድሞውን ጠባሳና የሕመምተኛውን አቅም አብረን ልንመዝን ይገባል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስምና።