የማይገባን ዜማ ለምን ያስለቅሰናል?

በየዓመቱ ሄሽቫን 29 ቀን የስግድ በዓል በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺብ ሲከበር፣ ቄሶች ዜማውን ሲጀምሩ ግእዝ የማያውቁ እናቶች እንባቸውን ያፈሳሉ። ቃሉን የማይሰማ ሰው ለምን ያለቅሳል? ብዙዎቻችን «ዜማው መንፈስ አለበት» ብለን ነገሩን እዚያው እንዘጋዋለን። ይህ መልስ ዜማውን ያከበረ ይመስላል፤ እኛ ግን ልጆቻችንን ከዜማው ያርቃል እንላለን።

በመጀመሪያ ዜማውን ራሱን እንመልከት። የቤተ እስራኤል ጸሎት በአብዛኛው በግእዝ ነው። ጥቂት ክፍሎች በአገውኛ ስለ ሆኑ ከቄሶቹም መካከል ፍቺያቸውን አሟልቶ የሚያውቅ እምብዛም አይገኝም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ ምልክት አለው፤ የቄሶቻችን ዜማ ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በአንዳንድ በዓላት ነጋሪትና ቃጭል ይጨመርበታል። አንዱ ቄስ ይመራሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሁሉም አንድ ዜማ ይዘው እያንዳንዳቸው በየድምፃቸው ስለሚሄዱ፣ አንዱ ሳይጨርስም ሌላው ስለሚነሣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የተዘበራረቀ ይመስለዋል። ታግሦ ሲያዳምጥ ግን የማንም ያልሆነ አንድ ትልቅ ድምፅ ይሰማዋል። እንግዳ የሆነብን ነገር የሚወለደው ከዚህ መቀባበል ነው።

ይህን ዜማ ምሁራን አጥንተውታል። ኬይ ሸሌማይ በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ዜማው ከኢትዮጵያ የክርስቲያን ገዳማት ጸሎት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ስለ ጻፉ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በእኛ አስተያየት ጎረቤት ከጎረቤቱ ዜማ መካፈሉ የጸሎቱን ቅድስና አይቀንስም። በ2019 ደግሞ ስምሓ አሮምና ባልደረቦቻቸው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማእከል በኩል የጸሎቱን የድምፅ ቅጂዎች ከማብራሪያ ጋር አሳትመዋል። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው፤ የተዘበራረቀ የሚመስለው ዜማ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ያስረዳልና። ይሁን እንጂ ቅጂ አድማጭ ያደርገናል እንጂ ተቀባይ አያደርገንም። ዜማው ተቆራርጦ ለመድረክ ማሳመሪያ ሲቀርብም ችግሩ ያው ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ የሚመልስ ግን የለም። የሚመልስ ከሌለ ደግሞ ግማሹ ዜማ ቀርቷል ማለት ነው።

አለመረዳት ለምሥጢር ያስፈልጋል የሚለውም ሐሳብ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። በአገር ቤት በስግድ ዕለት ኦሪቱ በግእዝ ከተነበበ በኋላ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎም ነበር። ትርጉሙን በመስማቱ እንባው የደረቀበት ሰው አልነበረም። እንዲያውም ስለ ምን እንደሚያለቅስ ያውቅ ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን በስግድ ቀን ከቄሶቹ ራቅ ብለው ሲጫወቱ እናያቸዋለን። ብዙ ጊዜ «ሥርዓት አጡ» ብለን እንቆጣለን። ነገር ግን «ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «ዝም ብለህ ስማ» ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት አይጠይቅም።

ስለዚህ አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ ከበዓሉ በፊት በአቅራቢያችሁ ካሉ ቄስ ዘንድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከጸሎቱ አንዲት አጭር ክፍል ከነትርጉሟ እንዲያስተምሯችሁ ለምኑ። ትርጉሙን እናንተ በአማርኛ ንገሯቸው፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ ይጻፉት። የት ላይ ተቀብለው እንደሚመልሱም ይወቁ። ከአገውኛው ክፍል ትርጉሙ ያልታወቀ ካለ «ይህን እኛም አናውቀውም፤ አያቶቻችን ግን ይሉት ነበር» ማለት ነውር የለበትም። ልጅ እንዲህ ያለውን እውነተኛ መልስ ያከብራል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ግን ዜማውን በቃላቸው የያዙት ቄሶቻችን በመካከላችን ሳሉ ነውና ለከርሞ አናሳድረው።