አይዞህ ባይ ኩባንያ

ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ ሊሻገር ያሰበ ድርጅት ‹‹ሲበላሽብኝ ማንን እጠራለሁ?›› ማለቱ አይቀርም። አይቢኤም ይህቺ ፍርሃት ቀድማ ገብታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ብቻ ለሊኑክስ 1 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ ብሎ ‹‹አይዞህ›› አለ። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ! ሰርቨሩንም አገልግሎቱንም የሚሸጠው እሱው ነበራ። በዚህስ አልከፋም፤ ነጋዴ ነው።

የከፋኝ ኋላ የመጣው ነው። በ2019 አይቢኤም ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። የሬድ ሃት ሲስተም ነጻ ቅጂ የነበረው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ነበር። በ2020 ታኅሣሥ ላይ ግን ‹‹በ2021 መጨረሻ ያበቃል›› ተባለ። ያንን አምነው ሰርቨራቸው ላይ የጫኑ ድርጅቶች የቀራቸው አንድ ዓመት ብቻ! ‹‹አይዞህ›› ውል አይደለማ። ደግነቱ ኮዱ ክፍት ነበር፤ ሌሎች አንስተውት በዚያው በ2021 አልማ ሊኑክስንና ሮኪ ሊኑክስን አወጡ።