ለጉለሌ ባቡር ሞተር ስመርጥ

ምድር ባቡር ከለገሃር አልፎ ጉለሌ አልወጣም። እኔ ግን ሽሮ ሜዳ ባለው ቤቴ፣ በሁለት ጠረጴዛ ላይ፣ ከለገሃር ተነስቶ በቀጨኔ በኩል እስከ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ መስመር ዘርግቻለሁ። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር የእኔው በግምት 12 ሚሊ ሜትር ሆነ።

መስመሩ የምናብ ስለሆነ የወደድኩትን ሞተር የማሄድ መብት ያለኝ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ሜዳ ላይ ለመፍጠን የታሰበ፣ ጎማው ትልልቅ የሆነ የእንፋሎት ሞተር ነው። መልኩ ያምር ነበር። ኩርባው ላይ ግን ከሐዲድ ወጣ፤ ዳገቱ ላይ ጎማው ባለበት ተሽከረከረ።

በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ መጥተው ዝም ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ባቡር ውሃ የሚሞላው የት ነው?»

«አላሰብኩበትም፣ አባባ።»

«ሲበላሽስ የት ይጠገናል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር የምመርጠው ከመልኩ ተነስቼ አይደለም። መጀመሪያ ዘመኑን እወስናለሁ። እውነተኛው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1940ዎቹ የዲዝል ሞተር መጣ። የእኔ መስመር የሚኖረው በዚያ መሸጋገሪያ ላይ ነው፦ ዲዝሉ ዋናውን መስመር ሲረከብ፣ ከሥራ የወረደው የእንፋሎት ሞተር ወደ እኔ ቅርንጫፍ መስመር ይመጣል። ትንሽ መስመር አዲስ ሞተር አያዝም፤ የታላቁን ልብስ እንደሚለብስ ታናሽ ወንድም ነው።

ቀጥሎ መሬቱን እጠይቃለሁ። ዳገት የሚወጣ ሞተር ትንንሽ ጎማ ይፈልጋል፤ ክብደቱም በተቻለ መጠን በሚነዱት ጎማዎች ላይ ማረፍ አለበት። ነሐሴ ላይ ሐዲዱ ሲረጥብ እንዳይንሸራተት የአሸዋ ሣጥን ያስፈልገዋል። ሽቅብ የሚገፋው ሞተር መዞሪያ የሌለበት ጫፍ ላይ ስለሚደርስ፣ ውሃውንና ማገዶውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደፊትም ወደኋላም እኩል የሚሄድ መሆን አለበት። ሥራውም የታወቀ ነው፦ ባዶ ፉርጎ ይዞ ይወጣል፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከጉልበቱ እኩል ፍሬኑ ያሳስበኛል።

መጨረሻ ላይ መለዋወጫው አለ። ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ስለነበር፣ እዚያ ዕቃው የማይገኝለትን ሞተር ጉለሌ አላስገባም። ለዚህ ነው አሥር ዓይነት ሞተር መደርደር ትቼ ሁለት ተመሳሳይ የሠራሁት፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ይሠራል።

አሁን ከቀጨኔ ወንዝ ዳር፣ በቆርቆሮ የሠራሁት የውሃ ጋን በአራት እግሩ ቆሟል። ሁለቱን ሞተሮች መሥራት የጀመርኩት እሱን ካቆምኩ በኋላ ነው።