ቀላል መንገድ ለማን? የእግር ጉዞ መምሪያ በጨርጨር ደጋ ሲመዘን

በአንዳንድ አገር ስለ እግር ጉዞ መጻፍ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ነው። በእኛ አገር መሄዱ እንጂ ስለ መሄዱ መጻፉ ገና አልተለመደም። ይህን አጭር ሐተታ ለማዘጋጀት ያነሣሣን፥ በጭሮ (በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ) እና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አቅራቢያ ለሚገኙት ቀላል የእግር መንገዶች መምሪያ ቢጻፍ ምን መምሰል ይገባዋል የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድሞ የተጻፉትን ዓይነቶች መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የእንግሊዝን የገጠር መምሪያ፥ ቀጥሎ በጨርጨር ያለፈ የአንድ መንገደኛ ማስታወሻ፥ በሦስተኛም የዛሬውን የአገር ጐብኚ መጽሐፍ እንመዝናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የእንግሊዝ የገጠር መምሪያ። ይህች መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ናት። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከመጠጥ ቤቱ ደጅ ትነሣለች፤ ርቀቱን፥ የሚፈጀውን ሰዓትና የዐቀበቱን ልክ ትናገራለች፤ አጥሩ የት እንደሚታለፍ፥ ድልድዩ በየት በኩል እንደሚገኝ ታመለክታለች፤ በመጨረሻም አንባቢውን ወደ ተነሣበት ስፍራ ትመልሰዋለች። የዚህ ዓይነት ሥራ የደረሰበትን ከፍታ ለማየት የሚፈልግ ሰው፥ አልፍሬድ ዌይንራይት ከ1955 እስከ 1966 በሰባት መጻሕፍት ያወጣውን የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች መምሪያ ይመልከት። ጸሐፊው ጽሑፉንም ሥዕሉንም በገዛ እጁ አዘጋጅቶታል። ያልረገጠውን ተራራ አልጻፈምና አንባቢ ያምነዋል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ በግልጽ የማይናገረው አንድ መሠረት አለው፤ ይኸውም ሕግ ነው። በ1932 በኪንደር ስካውት ብዙ እግረኞች፥ አብዛኞቹም ወጣት ሠራተኞች፥ ባለርስቶቹ ሳይፈቅዱላቸው ወደ ተራራው ወጡ፤ ከነርሱም አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የወጣው ሕግ ደግሞ የአውራጃ ምክር ቤቶች የሕዝብን የእግር መንገዶች በካርታ ላይ እንዲመዘግቡ አዘዘ። ዛሬም ማሳውን የሚያቋርጠውን የተመዘገበ መንገድ ያረሰ ገበሬ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልሶ እንዲያቀናው ይገደዳል። እንግዲህ የእንግሊዙ መምሪያ «ይህ መንገድ ቀላል ነው» ሲል ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ቀላልነቱ የመጣው ከመሬቱ ልስላሴ ብቻ አይደለም፤ የተጓዡ ትከሻ ሸክም የለበትም፥ መብቱም በሕግ ተጠብቆለታል፥ ሲመለስም ምግብ ይጠብቀዋል።

፪ኛ፤ የመንገደኛው ማስታወሻ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ከተወ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር። ሲመለስም ከአገሩ ሰው ከጁል ቦረሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ፥ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በንጉሡ ጦር እጅ ወደ ገባችው ወደ ሐረር በጨርጨር በኩል አለፈ። ከጉዞው በኋላ በጻፈው ደብዳቤ የመንገዱን ዝርዝር በተራ ቍጥር አስፍሮታል፤ በየምዕራፉ ኪሎ ሜትሩን፥ የመሬቱን ዓይነት፥ እርሻውንና ደኑን ይገልጻል። ገለምሶና ሒርና በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ወገን እንመዝነዋለን። መልካምነቱ ጌጥ የሌለው መሆኑ ነው፤ ባለቅኔ የነበረ ሰው ኪሎ ሜትርና ቡና ብቻ ቈጥሮ ማለፉ የሚያስገርም ትዕግሥት ነው። ጕድለቱ ግን መንገዱን የሚያየው በሲራራ ነጋዴ ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። ግመሉ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ወታደር የሰፈረው የት ነው? ማሳው የማን እንደ ሆነ፥ ያን መንገድ በእግሩ ረግጦ ያወጣው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ ይህ ዝርዝር ለታሪክ ተማሪ እጅግ ቢጠቅምም፥ ለመምሪያ ጸሐፊ አርኣያ ሊሆን አይችልም።

፫ኛ፤ የጐብኚው መጽሐፍ። ከተማይቱ የተቈረቈረችው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ባስተዳደሩበት በ1920ዎቹ ዓመቶች ነው። እርሳቸውም ግዛቱን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር ሊያደርጉት አስበው እንደ ሠሩ የታወቀ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ግን፥ አሮጌውም አዲሱም፥ ዐቀበቱን ሸሽቶ ቈላ ለቈላ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። ወደ ከተማይቱ የሚወጣው የመኪና መንገድ ነው፤ ከአዋሽ በሚኤሶ አድርጎ ወደ ጭሮ፥ ከዚያም ወደ ሒርናና ወደ ቁልቢ ይዘልቃል።

ለውጭ አገር ጐብኚ የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ አገሩን የሚያዩት ከዚህ መንገድ ላይ፥ በመኪና መስኮት ነው። ዓላማቸው ሐረር ናትና ጭሮ የምሳ ስፍራ ሆና ትቀራለች። በዚሁ መንገድ ላይ ግን ለታኅሣሥ ፲፱ እና ለሐምሌ ፲፱ ገብርኤል ወደ ቁልቢ በእግራቸው የሚሄዱ ምእመናን አሉ። ለእነርሱ ስለ ቀላል መንገድ ቢነገራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ለስለት የሚሄድ ሰው ለአምላኩ የሚያቀርበው ድካሙን ነውና መንገዱ እንዲቀልለት አይሻም። እንግዲህ «ቀላል» የሚለው ቃል ከመሬቱ ይልቅ ስለ ሂያጁ የሚናገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

፬ኛ፤ የአገሩ መንገድ። ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ወጥቶ ወደ ደቡብ፥ ለደጋ አጋዘን መጠበቂያ ወደ ተከለሉት ወደ ቁኒና ሙክታር ተራሮች አቅጣጫ፥ ወይም በምሥራቅ ወደ ሒርና በኩል በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ በእርከን መካከል የሚጠማዘዝ ቀጭን የእግር መንገድ ያገኛል። መንገዱን ያወጡት ገበያተኞች፥ እረኞች፥ ውሃ ቀጂዎችና ተማሪዎች ናቸው። በኪሎ ሜትር ቢለካ ብዙው አጭር ነው። ነገር ግን በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን፥ በበጋ ወለል ብሎ ይታይ የነበረው መንገድ ከዓይን ይሠወራል። በጫት ማሳ አጠገብም በቀን ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ የተለመደ ሲሆን፥ በሌሊት ግን ማሳው ጠባቂ አለውና ሳይጣራ የሚመጣ እንግዳ እንደ ሌባ ሊቈጠር ይችላል። ርቀትንና ዐቀበትን ብቻ የሚናገር መምሪያ ይህን ሁሉ ሳይነግረን ይቀራል።

ስለ ቦታ ስምም እንዲሁ ነው። በኦሮምኛ ቡርቃ ማለት ምንጭ፥ ላጋ ማለት ወንዝ፥ ቱሉ ማለት ኮረብታ ነው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው የቦታው ስም ራሱ መምሪያ ነው፤ የት እንደሚጠጣ፥ የት እንደሚሻገር፥ የት ዐቀበት እንደሚጠብቀው ይነግረዋል። ስሙን በሌላ ፊደል ገልብጦ ትርጕሙን የሚተው ጸሐፊ መጽሐፉ ሊሰጥ የሚገባውን ትምህርት ግማሹን ጥሎ ይሄዳል።

አንዳንድ አንባብያን «የአገሩ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፥ ለእርሱ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ መምሪያ የሚጻፍ ለእንግዳ ነው፥ እንግዳም ገንዘብ ያመጣል» ይሉን ይሆናል። በሐሳቡ መጨረሻ እንስማማለን። ሻይ ቤት፥ ማደሪያና አስጎብኚ ከእንግዳ ሊጠቀሙ ይገባል። መጀመሪያውን ግን አንቀበለውም። ዛሬ የገጠር ይዞታ እየተለካ ይመዘገባል፤ ከተማው እየሰፋ፥ አዲስ መንገድም እየተቈረጠ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች በካርታ ይመራሉ። በሁለት ማሳዎች ወሰን ላይ የሚያልፈው የእግር መንገድ በወረቀት ካልሰፈረ፥ ከምንጩ ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ሴት መንገዷ ሲዘጋ የምታሳየው ማስረጃ አይኖራትም። የእንግሊዝ መንገደኞች ይህን ዐውቀው ሕጉ እንዲወጣ ታገሉ። መጽሐፋቸው ለመዝናኛ የሚነበብ ቢሆንም የተደገፈው በዚህ ትግል ነው። እኛ መጽሐፉን ብቻ ቀድተን መሠረቱን ብንተው፥ መምሪያው ለእንግዳ የመዝናኛ ዝርዝር ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ በጭሮ፥ በገለምሶ፥ በበዴሳና በሒርና ዙሪያ የሚጻፍ መምሪያ በአራት ጥያቄዎች እንዲመዘን እናሳስባለን። መንገዱን ማን ይሄድበታል፥ ምንስ ተሸክሞ? በየትኛው ወር ክፍት፥ በየትኛው ዝግ ነው? የቦታው ስም ምን ማለት ነው? የሚያልፍበት ማሳ ባለቤትስ ተጠይቆ ፈቅዷል? የእንግሊዙ መምሪያ ሁለተኛውንና አራተኛውን በሕጉ በኩል መልሷቸዋል፤ የራምቦ ዝርዝር ከመጀመሪያው ጥቂት ነክቷል፤ የጐብኚው መጽሐፍ አንዱንም አልመለሰም።

ይህን ሥራ ለመጀመር ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ከእነዚህ ከተሞች የመጡ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት፥ ከቤታቸው እስከ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ያለውን አንድ መንገድ ብቻ ከነስሙና ከነምንጩ ቢጽፉ፥ ሽማግሌዎችንና ውሃ ቀጂዎችን ጠይቀው ቢያርሙ፥ ለወደፊቱ መምሪያ የመጀመሪያው ገጽ ይገኛል። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ ጥናት ቈጥረው እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።